የወገኔ ተለማማጅ

ሃጀር አብዱልሀፊዝ መጀመሪያ መስክ የወጣችው ሥራ በያዘች በአራተኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ቆሰበር ካለው ቢሮ ወንበር ስታሞቅ ነበር። የቀጠራት በየገጠሩ የተበላሹ የእጅ ፓምፖችን የሚጠግን አንድ ትንሽ የግል ድርጅት ነው፤ ያለውም ሁለት ክፍል ቢሮ፣ አንድ የዕቃ መጋዘንና አንድ አሮጌ ፒካፕ ብቻ። የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ «የውሃ ቴክኒሻን» ይላል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረሰ ግን በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር መጻፍ ትችል እንደሆነ ጠየቋት፤ እችላለሁ ስትላቸው ደስ ብሏቸው የሪፖርቱን፣ የደብዳቤውንና የፋይሉን ሥራ ሁሉ አስረከቧት።

አቶ ደረሰ ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ሃጀር ሰኞ ሰኞ ጠዋት በራቸውን አንኳኩታ መስክ መቼ እንደምትወጣ ስትጠይቃቸው፣ አንድ ጊዜ መንገዱ ለሴት እንደማይመች፣ ሌላ ጊዜ የቧንቧው ክብደት ወገቧን እንደሚጎዳት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ገጠር መጸዳጃ ቤት እንደማታገኝ በፈገግታ ነግረው ይመልሷታል። የሚያዝኑላት ነበር የሚመስለው። ኮሌጅ ሳለች ከአርባ ሦስት ተማሪ አንደኛ መውጣቷ፣ ፓምፕ ፈታ ለመግጠም ከክፍሉ ሁሉ ያነሰ ሰዓት የሚፈጅባት እሷ መሆኗ ማኅደሯ ውስጥ አለ። ማኅደሩን የምታስቀምጠውም እሷው ናት።

ዳንግላ ያለው አባቷ በየሳምንቱ ስልክ ይደውልላት ነበር። አብዱልሀፊዝ ገበያው አጠገብ ባልዲና ጀሪካን ይሸጣል። ልጁ ይህን ሙያ ስትመርጥ አልከለከላትም፤ አልመረቃትምም። ሥራው እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃት «ደህና ነው» ትለዋለች። ፓምፕ ስንት እንደጠገነች ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም አለመጠየቁን እንደ ውለታ ትቆጥርለት ነበር።

እንዲህ እያለ፣ የድርጅቱ ብቸኛ የመስክ ቴክኒሻን አዝመራው ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አገኘና በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቀቀ። ከጥርባ አለፍ ብሎ ካለ አንድ ጎጥ ጋር ውል ተፈርሟል፤ መንገዱም ለጊዜው ክፍት ነው፤ ነገ ይዘጋ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። አቶ ደረሰ ሁለት ቀን ሰው ፈለጉ። ሲያጡ ጊዜ ሃጀርን ጠርተው ከሾፌሩ ከወገኔ ጋር እንድትሄድ ነገሯት፤ ካልቻለች ግን ሳታበላሸው ትታው እንድትመለስ አደራ አሏት።

ወገኔ አርባ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ሳቂታና ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ለዐሥር ዓመት ቴክኒሻን ሲያመላልስ ከጎማ መፍቻ በቀር መሣሪያ ይዞ አያውቅም። የተወለደው ገጠር ስለሆነ አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። ሃጀር ደግሞ የከተማ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አዊኛዋ ከሰላምታና ከዕቃ ዋጋ አያልፍም። በዚያ ጎጥ አማርኛ የሚሰማው ጥቂት ሰው ስለሆነ ወገኔ እያስተረጎመ ሊያሠራት ተስማሙ።

ሲደርሱ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ፓምፑ ከቆመ ሰባት ሳምንት ሆኖታል፤ ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ ነው የሚቀዱት። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይሄነው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከአምስት ስድስት ወንዶች ጋር ሆነው ጠበቋቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ የመኪናውን ጋቢና አዩ፣ ቀጥለው የጭነቱን በኩል አዩ፣ ከዚያ ወገኔን አንድ ነገር ጠየቁት። ወገኔ ሃጀርን ገልመጥ አደረገና አጠር አድርጎ መለሰ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃጀር ያስተዋወቃት መስሏት እጅ ነሳች።

ከዚያ ሻሿን ወደ ኋላ አሰረች፣ ከቀሚሷ ሥር የለበሰችውን ሱሪ ቦት ጫማዋ ውስጥ ከተተችና ሥራ ጀመረች። ቧንቧዎቹ ዐሥር ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ በቡሎን ተያይዞ እስከ ጉድጓዱ ታች ይወርዳል። አንዱን ስበው ሲያወጡ የቀረው እንዳይወድቅ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንቆ የሚይዝ ብረት አለ። ያ ብረት በደንብ ካልጠበቀ ሁሉም ነገር አለቀ። ሃጀር እሱን ለማንም አላመነችም፤ በየቧንቧው ራሷ ተንበርክካ ታጠብቀዋለች። አራት ወንዶች ይስባሉ። እሷ «ያዙ» ስትል ወገኔ በአዊኛ ይጮሃል፤ «ልቀቁ» ስትል ይጮሃል። የሷን ድምፅ ከቅርብ ያለ ብቻ ነው የሚሰማው፤ የሱን ግን መንደሩ ሁሉ።

ሰባተኛው ቧንቧ ላይ ጉዳቱን አገኘችው። የቀድሞ ጠጋኝ የተበሳ ቦታ በብስክሌት ካላማዳሪያ ጠቅልሎ ሄዷል። እሱን አውጥታ በአዲስ ተካች፤ ከታች ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒውም፣ ተበልቶ ስላገኘችው ቀየረች። አቶ ይሄነው ምን እንደሆነ ወገኔን ይጠይቁታል፣ ወገኔ ሃጀርን ይጠይቃታል፣ እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ደግሞ ይተረጉማል። እሷ ሁለት ቃል የተናገረችውን እሱ እጁን እያወናጨፈ አምስት ስድስት አድርጎ ሲያስረዳ ታዘበች። ቋንቋው ይሆናል አለች በልቧ።

ከአራት ሰዓት ሥራ በኋላ እጀታውን ስትገፋው መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ቡናማ ጭቃ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ይሄነው ቀጥ ብለው ሄደው የወገኔን ትከሻ ሳሙ።

በግ ታርዶ ነበር። ወንዶቹ ወገኔን መሃላቸው አድርገው ወደ አንድ ዛፍ ሥር ወሰዱት። ሃጀርን ደግሞ ሴቶቹ ወደ ጓሮ ወሰዷት። ሙስሊም ስለሆነች ሥጋውን እንደማትበላ አውቀው ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡላት። አጠገቧ ደጊቱ የምትባል ጠና ያለች ሴት ተቀመጠች። ደጊቱ በወጣትነቷ ቆሰበር ሰው ቤት ሠርታ ስለነበር አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ይለመዳል» አለቻት። «መምህርሽ ደግሞ ትዕግሥተኛ ነው። ሌላ ቢሆን ይጮህብሽ ነበር።»

ሃጀር አልገባትም። የትኛው መምህር እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እሱ ነዋ፣ አብሮሽ የመጣው። ስትመጡ አቶ ይሄነው ቴክኒሻኑ የታል ቢሉት፣ እኔ ነኝ፤ እሷ ተለማማጅ ናት፤ ሴቶች ሙያ ይማሩ ተብለን ነው ይዣት የመጣሁ፤ እኔ አጠገቧ ስላለሁ ምንም አታበላሽም አላቸው። እንደዚያ ባይልማ መች ያስነኩሽ ነበር።»

ሃጀር ድንቹን አስቀመጠችው። ፓምፑን የጠገነችው ራሷ እንደሆነች፣ ሰውየው ሾፌር እንደሆነ፣ ዛሬም የሠራው ማስተርጎም ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ደጊቱ ቅባት የጠጣውን የሃጀርን ጥፍር አየች። ከጠዋት ጀምሮ ጀሪካኗን ይዛ ከጉድጓዱ አራት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር፤ ማን እንደተንበረከከ፣ ማን እንደፈታ፣ ማን እንደገጠመ ሁሉን በዓይኗ አይታለች። ቢሆንም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም» አለቻት ቀስ ብላ። «ያስተማረሽን ሰው። ሰው ቢሰማሽ ይታዘብሻል።»

ወደ ቆሰበር ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሃጀር ለምን እንደዚያ እንዳለ ጠየቀችው። ወገኔ አልካደም። መሪውን እንደያዘ፣ አንገቱን ቀበር አድርጎ መለሰላት።

«ቴክኒሻኗ እሷ ናት ብላቸው ኖሮ መኪናዋን እዚያው አዙረን እንመለስ ነበር። እኔ ሕዝቤን አውቃለሁ። ለነሱ ውሃው ይሻላል ወይስ ያንቺ ስም?»

«ውሃው» አለች ሃጀር።

«በቃ እንግዲህ።»

የጎጡ ሰዎች ከሰጡት ማር ግማሹ የሷ እንደሆነ ነገራት። አልወሰደችም። ይሁን እንጂ ያለው ነገር ከጭንቅላቷ አልወጣ አለ፤ ሐሰት ቢሆን ይቀላት ነበር። እውነት ነው፤ ይመልሷቸው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤ ከፋች እሷ ስለሆነች መጀመሪያ ያነበበችውም እሷ ናት። ባለሙያው አቶ ወገኔ ላሳዩት የላቀ ችሎታ፣ በተለይም ሴት ተለማማጅ ይዘው በትዕግሥት እያሠሩ ሥራውን በመፈጸማቸው የጎጡ ሕዝብ እንደሚያመሰግን ይገልጻል። ከታች ሐምራዊ ማኅተም አለበት። ሃጀር ቁጥር ሰጥታ፣ መዝግባ፣ አቶ ደረሰ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አቶ ደረሰ ሲያነቡት መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ መሳቃቸውን አቁመው እንደገና አነበቡት።

ዓርብ ስብሰባ ላይ ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ተነበበ። ተጨበጨበ። ወገኔ አንገቱን አቀርቅሮ ተነሳና የጋራ ሥራ እንደሆነ ተናግሮ ተቀመጠ። ሃጀር ዝም ማለት ፈልጋ ነበር፤ እግሯ ግን ቀድሟት ቆመ። ገንዘብ ያዧ ሃና ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት።

«አቶ ደረሰ፣ ፓምፑን ማን እንደጠገነው እርስዎ ያውቃሉ» አለች። «ውጭ ምንም ይባል። እዚህ ውስጥ እንኳ ይነገርልኝ።»

አቶ ደረሰ በዚያው በለዘበ ድምፃቸው ዋናው ሥራው መሠራቱ እንጂ ማን ሠራው እንዳልሆነ፣ ድርጅቱ አንድ ቤተሰብ እንደሆነ፣ በቤተሰብ መካከል «እኔ» የሚል ሰው ሲኖር እንደማያምር ተናገሩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በወሩ መጨረሻ በሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ «አብሮ የመሥራት መንፈስ» በሚለው ሥር ዝቅተኛውን ነጥብ አገኘች። ቅጹን ኮምፒውተር ላይ የገለበጠችው ራሷ ናት።

ወሬው በገበያ ቀን ከጎጥ ወደ ጎጥ ተዛመተና ሌሎች መንደሮች ያንን ባለሙያ ላኩልን ማለት ጀመሩ። አቶ ደረሰ ሰው የሚፈልገውን መስጠት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ወገኔ ከሾፌርነቱ ሌላ የመስክ ጥገና ኃላፊ ተባለ። ሃጀር ደግሞ ወደ ዕቃ መጋዘኑ ተዛወረች፤ ብርድና ጭቃ የሌለበት ሥራ እንደሆነ ነግረው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ ፓምፕ እየፈታችና እየገጠመች ወገኔን አስተማረችው። ለመስክ ሲወጣም የሚያደርገውን በቅደም ተከተል በወረቀት ስላ ትሰጠው ነበር። የብቃት ማረጋገጫ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች የሥራ ትእዛዙ የሚወጣው በሷ ስምና ፊርማ ነው።

ለምን እንደምታደርገው ሃና ጠይቃታለች። ሃጀር ገደል የሚወርዱትን ሴቶች ነገረቻት። ይህም እውነት ነው። ሌላው እውነት ግን፣ ፓምፑ በእጇ ባይሆንም በሥዕሏ መነሣቱ ደስ ያሰኛት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ወገኔ መጀመሪያ ያፍር ነበር። ወረቀቱን ሲቀበላት ዓይኗን አያይም። አራት አምስት ቀላል ብልሽት ተሳክቶለት ከተመለሰ በኋላ ግን ማፈሩ ለቀቀው። አንድ ቀን እንግዳ ይዞ መጋዘን ገብቶ ዕቃ ሲያስወጣ፣ «ይቺ የኔ ተማሪ ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት» ብሎ አስተዋወቃት። እየቀለደ አልነበረም። ረስቶታል።

በሐምሌ መጀመሪያ ጥሊሊ አካባቢ ወዳለ አንድ መንደር ሄደ። ከሰዓት በኋላ የሃጀር ስልክ ጮኸ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የምትሰማው የወገኔን ትንፋሽ ነበር። «አመለጠኝ» አለ። ምኑ እንደሆነ ጠየቀችው። «ቧንቧው። ሁሉም።» አንቆ የሚይዘውን ብረት አጥብቆ እንደነበር ስትጠይቀው መስመሩ ተቋረጠ። አላጠበቀውም። በወረቀቱ ላይ ሦስት ጊዜ አስምራበታለች። ስምንት ቧንቧ ተያይዞ ጉድጓድ ገባ።

የአቤቱታው ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ። ይህንንም የከፈተችው እሷው ናት፤ ከመጋዘኑ ጋር የደብዳቤውም ሥራ አልቀረላትም ነበር። የመንደሩ ሰዎች ታዋቂው ባለሙያ አቶ ወገኔ ቢመጡላቸውም፣ የሥራ ትእዛዙን የፈረመችው ሃጀር አብዱልሀፊዝ የተባለች ሴት ቴክኒሻን በሰጠችው የተሳሳተ ሥዕል ምክንያት ጉድጓዳቸው እንደተበላሸ ገልጸው፣ ወደፊት ሴት የገባችበት ሥራ እንዳይላክላቸው አመልክተዋል። ወገኔ እዚያ ሲጨንቀው ወረቀቷን አውጥቶ አሳይቷቸው ነበር።

አቶ ደረሰ ሁለቱንም ጠሩ። ጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀ ሪፖርት ነበር፤ ጥፋቱ የቴክኒክ መመሪያ ስሕተት መሆኑን፣ ባለሙያዋም ማመኗን ይገልጻል።

«ለይስሙላ ነው» አሏት። «በወር ይረሳል። ወገኔ የልጆች አባት ነው፣ ስሙ ከጠፋ ድርጅቱም ይጠፋል። አንቺ ደግሞ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ፤ ማን ያስታውስሻል?»

ሃጀር ወደ ወገኔ ዞረች። «ጋሽ ወገኔ፣ ብረቱን አጥብቀኸው ነበር?» አለችው። ወገኔ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው መደናገጡን ተናገረ። ሃጀር የመጋዘኑን ቁልፍ ሪፖርቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። አልፈረመችም። ሪፖርቱ ያለ ፊርማዋም እንደተላከ፣ በሥሩም «ባለሙያዋ ከሥራ ተሰናብታለች» የሚል እንደተጨመረበት በኋላ ሃና ደውላ ነገረቻት።

ዳንግላ ተመለሰች። አብዱልሀፊዝ ለምን መጣሽ አላላትም። ሱቁ ውስጥ አንድ ዱካ አዘጋጀላት፤ ለጎረቤት ነጋዴዎችም ልጁ ልታግዘው እንደመጣች አወራ። ሃጀር ጀሪካን ትሸጣለች። ገዢዎቹ ሴቶች ናቸው፤ አንስተው እያገላበጡ ያያሉ፣ ሲሞላ ይከብድ እንደሆነ ይጠይቋታል።

ሦስት ሳምንት ያህል ተቀመጠች። ጉድጓድ ውስጥ ቆመው የቀሩት ስምንት ቧንቧዎች ግን እንቅልፍ ነሷት። እንደሚወጡ ታውቃለች፤ አፋቸውን የሚነክስ መንጠቆ ቢገኝ በግማሽ ቀን ይወጣሉ። ልኩን አስባ ስላ፣ አባቷ የሚያውቀው በያጅ ቤት ሄደች። በያጁ ሥዕሉ ስላልገባው መነጽሩን ሰጥቷት ቆሞ አየ። ራሷ ቆረጠች፣ ራሷ በየደች፣ ራሷ ሞረደች። አባቷን «አንድ ቦታ ደርሼ ልምጣ» አለችው። ብረቱን አየና «እሺ» አላት።

በሚኒባስ ጥሊሊ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ መንደሩ ደረሰች። አማርኛ የሚሰሙት የኮሚቴው ሰዎች በአክብሮት ተቀበሏት፤ ጉድጓድ የገባ ቧንቧ በዚህ እንዴት ይወጣል ብለው መንጠቆውን ተቀባብለው አዩት። ከዚያ ስሟን ጠየቋት። ሌላ ስም መናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም።

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው ያቺ ሥዕሉን የሳለችው ሴት እሷ እንደሆነች ጠየቃት፤ አዎ አለች። የሆነውን ከሥሩ ጀምራ አስረዳቻቸው፤ ሥዕሉን እንደገና መሬት ላይ ሣለችላቸው፤ ገንዘብ እንደማትፈልግ፣ ሰው ብቻ ቢያውሷት እንደሚበቃት ነገረቻቸው። አልተሳደቡም፣ አላባረሯትም። ሰብሳቢው በጨዋ ደንብ ጨረሱት።

«ልፋትሽን አናጣጥልም፣ ልጄ። ግን አንድ ጊዜ ተበላሽቶብናል። አቶ ወገኔ ይምጣና እሱ ባለበት ትሞክሪያለሽ።»

መንጠቆውን መለሱላት። በወንዙ አቀበት ሴቶች ተጎንብሰው ጀሪካን አዝለው ሲወጡ እያየች ወደ መንገዱ ወረደች። አንዷ እንኳ ቀና አላለችም።

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀመጡ። ጭኗ ላይ ያለውን ብረት ጥቂት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቋት። ጉድጓድ የገባ ቧንቧ ማውጫ እንደሆነ ነገረቻቸው። አስፈቅደዋት አነሱትና መስኮቱ አጠገብ በብርሃን አገላብጠው ብየዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አንድም ቦታ አልቦረቦረም» አሉ ተደንቀው። «ባልሽ ነው የሠራው?»

ሃጀር ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ስታስረዳ ውላ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር።

«አዎ» አለቻቸው።

«እጁ ይባረክ» አሉ ሽማግሌው፤ ብረቱንም በጥንቃቄ ጭኗ ላይ መልሰው አኖሩላት።